ግልጽ ደብዳቤ፦ ዓይናችንን ሸፍናችሁ በሩን ከውጭ አትዝጉብን

ይድረስ ለሚመለከተው የንግድ ፈቃድና ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊዎች
እንዲሁም ለቪአር ጌም ቤቱ ባለቤቶች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በየሳምንቱ ቅዳሜ ተሰብስበን የቪአር (ዓይን የሚሸፍን መነጽር ተደርጎ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የሚገባበት) መርማሪ ጌም የምንጫወት ልጆችንና አብረውን የቆሙ ወላጆችን ወክዬ ነው። ቋሚዎቹ 22 ነን፣ አብዛኞቻችን ተማሪ ነን፣ ሥራ የጀመርንም አለን። ጌም ቤቱ ለተጫዋች አደገኛ ስለሆነ ይስተካከል ብለን ሦስት ወር ሙሉ በስልክም በአካልም በማመልከቻም ስንመላለስ ከርመን ባለፈው ሳምንት ያገኘነው መልስ «ቤቱ የታደሰ ፈቃድ አለው፣ ተጫዋቹም ፈርሞ ነው የሚገባው» የሚል ነው። እዛው ሳምንት ላይ ደሞ ጌም ቤቱ በሩ ላይ «ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ድርጅቱ ተጠያቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ለጠፈ። የቤቱን ስም እዚህ አልጠቅስም፣ ማመልከቻችን ላይ ስላለ እናንተ ታውቁታላችሁ። አቤቱታችን ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር ነው በግልጽ መጻፍ የመረጥነው።

መጀመሪያ ጌሙን ላላያችሁት ላስረዳ። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ስልክና ቦርሳ ውጭ ሎከር ውስጥ ይቆለፋል፣ ከዛ እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ኪሎ የሚሆን መነጽር ጭንቅላቱ ላይ ይታሰርለታል፣ በሁለት እጁ ኮንትሮለር ይይዛል፣ ከመነጽሩ የወጣው ኬብል ወለሉ ላይ እየተጎተተ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ከዛ በኋላ ያለህበትን ክፍል አታየውም። የምታየው አንድ ትልቅ ያረጀ ቤት ነው፣ ሰው ተገድሎበታል፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ገዳዩን ማግኘት አለባችሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ የሚል ጌም ነው፣ ባይሆን ኖሮ በየሳምንቱ ከኪሳችን አውጥተን አንሄድም ነበር። እኔ ራሴ እዛ ክፍል ውስጥ ነው ከብዙ ጓደኞቼ ጋር የተዋወቅኩት።

ግን መርማሪ ጌም ከሌላው ጌም ይለያል፣ ቢሮው ልብ ሊለው የሚገባው ዋናው ነገርም እሱ ነው። የመኪና ጌም ተቀምጠህ ነው የምትጫወተው። የኳስ ጌም ሶፋ ላይ ሆነህ ነው። መርማሪ ግን አልጋ ስር ለማየት ይንበረከካል፣ የእግር ዱካ እየተከተለ ወደፊት ይሄዳል፣ ድምፅ ሲሰማ ዞር ይላል፣ ተጠርጣሪው ሲሮጥ ይከተለዋል፣ ደረጃ ላይ ሆኖ ወደታች ለማየት ያጎነብሳል። ጌሙ ራሱ ነው አድርግ የሚልህ። አካልህ ግን ያለው ሞል ውስጥ፣ ግድግዳና ኬብል ያለበት፣ ሌሎች ሦስት ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች የሚንቀሳቀሱበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ የመነጽር አምራች ለአንድ ሰው ብቻ ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነጻ ቦታ ይመክራል፣ እኛ አራት ሆነን የምንጫወትበትን ክፍል በሜትር ለክተነዋል፣ 3 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ነው።

የደረሰብንን ልናገር።

አንዱ ጓደኛችን አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ጌሙ ውስጥ የሟቹ ቢሮ አለ፣ እዛ ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መብራት፣ መብራቱ ስር ደብዳቤ። ጽሑፉ ትንንሽ ስለሆነ ቀረብ ብለህ ካላየኸው አይነበብም። ልጁ ቀረበ፣ አጎነበሰ፣ ማንም ሰው እንደሚያደርገው ጠረጴዛውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተደገፈው። ጠረጴዛ የለም። ሙሉ ክብደቱን ይዞ በግራ እጁ ላይ ወደቀ፣ አንጓው ተሰበረ፣ ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየ፣ ፈተና አመለጠው። ውጭ ወንበር ላይ ሆነን እሱ የሚያየውን በቲቪ እናይ ስለነበር እኛም ያየነው እሱ ያየውን ነው፣ ጠረጴዛው በስክሪኑ በኩል ወደላይ ከፍ ብሎ ጠፋ፣ ከዛ ወለል፣ ከዛ ጩኸቱ። እስካሁን ስለሱ ሲያወራ «ጠረጴዛው እኮ ነበር» ነው የሚለው። የቤቱ ሰዎች ያሉት ደሞ «ለምን ተደገፍክ?» ነው። የሰው ልጅ ጠረጴዛ ሲያይ ይደገፋል። ይሄ የሱ ጥፋት አይደለም፣ የሱ ጥፋት ነው ብሎ ማንም እንዲነግረን አንፈልግም። ከመግባቱ በፊት «እዚህ የምታየው ነገር አይደገፍም፣ ወንበሩም አይቀመጡበትም» ያለው ሰው አልነበረም፣ አጠገቡ ቆሞ ሲያዘነብል ክንዱን የሚይዘውም አልነበረም። ሩቅ አገር እንኳን ሞት ደርሷል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሞስኮ ውስጥ አንድ የ44 ዓመት ሰው የቪአር መነጽር አድርጎ ቤቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተደናቅፎ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ደሙ ፈሶ ሞቷል። ስለዚህ «ጨዋታ ነው፣ ምን ይመጣል» የሚባል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር በሩ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብል አትታዘቡኝ።

የዛ ክፍል በር መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ሞል ውስጥ የሚዞር ሰው እየከፈተ እንዳይረብሽ ነው ተባልን። አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ እኔን ጨምሮ አራታችን ውስጥ ነበርን፣ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መነጽሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ባንዴ ጥቁር ሆነ። መነጽራችንን ስናወልቅም ያው ጥቁር ነው፣ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ጥቁር ቀለም ነው የተቀባው። ስልካችን ሎከር ውስጥ ስለሆነ ባትሪ የሚያበራ የለም። አንዷ ጓደኛችን ወደ በሩ ስትሄድ ኬብል እግሯ ላይ ተጠምጥሞ በጉልበቷ ወደቀች፣ ሌላው በሩን አገኘውና ገፋው፣ አይከፈትም። ያን ቀን ተረኛ የነበረው ሠራተኛ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱ ደሞ ጄኔሬተር ለማስነሳት ምድር ቤት ወርዷል። ጮህን፣ በሩን ደበደብን። ከጎን ያለው ሱቅ ሙዚቃው ስለጠፋ ነው የሰሙን፣ መጥተው የከፈቱልን እነሱ ናቸው። ሲቆጠር ከ10 ደቂቃ በላይ ነው፣ ለኛ ግን የዛ እጥፍ ነበር። አንዷ ልጅ ከወጣች በኋላ እጇ መንቀጥቀጡን ለማቆም ብዙ ጊዜ ወሰደባት፣ ውሃ ሰጥተናት ኩባያውን መያዝ አቃታት። ከዛ ወዲህ ሊፍት አትገባም።

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት እንደሚጠፋ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፣ ድንገተኛ አደጋ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ያን ቀን የጠፋው መብራት ብቻ ሆኖ ነው እንጂ የኤሌክትሪክ እሳት ቢሆንስ ብለን ስናስበው አሁንም ሰውነታችን ይንዘፈዘፋል። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2019 ፖላንድ፣ ኮሻሊን በምትባል ከተማ ፍንጭ እየፈለጉ ከክፍል የሚወጡበት ጨዋታ ቤት ውስጥ እሳት ተነስቶ አምስት ሴት ልጆች ሞተዋል። አምስቱም 15 ዓመታቸው ነበር፣ የሄዱት የአንዷን ልደት ሊያከብሩ ነው። እሳቱ የተነሳው ከጋዝ ማሞቂያ ሲሆን ልጆቹ ከነበሩበት ክፍል መውጣት አልቻሉም። ከዛ በኋላ ነው የፖላንድ መንግሥት በአገሩ ያሉትን እንዲህ ዓይነት ቤቶች እየዞረ ፈትሾ የተወሰኑትን የዘጋው። እኛ ይሄን የምናነሳው አምስት ልጅ ሳይሞት በፊት ፍተሻው ይደረግ ብለን ነው።

ሦስተኛው የብርሃኑ ጉዳይ ነው። ጌሙ ላይ ጣሪያ ስር ያለ ክፍል አለ፣ ማዕበል ነው፣ መብረቅ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የተበላሸ አምፖልም አብሮ ይርገበገባል። የአንዷ አባላችን ታናሽ ወንድም 14 ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በፊት ምንም ችግር የለበትም። እዛ ክፍል እንደገባ ኮንትሮለሩ ከእጁ ወደቀ፣ ሰውነቱ ተገተረ፣ ከዛ ወድቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌሎቹ ሦስቱ መነጽር ስላደረጉ አላዩትም፣ እህቱ «የት ነህ?» እያለች ትጣራ ነበር። ሠራተኛው ሮጦ ሲገባ ልጁን ወለል ላይ ጨምቆ ያዘው፣ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፣ መነጽሩ ግን አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፣ መብረቁም ያው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። መነጽሩን ያወለቀችለት እህቱ ናት። ሠራተኛውን አንወቅሰውም፣ ደንግጦ ነው፣ ያየውን ያደገበትን ነው ያደረገው። ጥፋቱ ያላሠለጠነው ሰው ነው። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ሰው በኃይል አይያዝም፣ አፍ ውስጥ ምንም አይከተትም፣ ክብሪት አይረዳም። መነጽሩን ቀስ ብሎ ማውለቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ይሄን ለማሠልጠን ግማሽ ቀን በቂ ነው።

የሚያሳዝነው ይሄ ነገር አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ አንድ የልጆች ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ስላፈራረቀ ከ600 በላይ ሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተዋል። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች እንኳን በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳያስገቡ መመሪያ አላቸው። ከመነጽሮቹ ጋር በሚመጣው የአምራቾች ማስጠንቀቂያ ላይም ከ4,000 ሰው አንዱ፣ ከዚህ በፊት ምንም ታይቶበት ባያውቅም፣ በብርሃን ምክንያት ከባድ ማዞር ወይም ማንቀጥቀጥ ሊገጥመው ይችላል የሚል ተጽፏል። ያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ስቶር ውስጥ ነው። እኛ የምንፈርመው የአማርኛ ወረቀት ላይ ስለሚጥል በሽታ አንድም ቃል የለም፣ ያለው ዕቃ ከሰበርን እንደምንከፍል ነው።

ስለ ዕድሜ ካነሳሁ አይቀር፣ አንዱ አምራች ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ይላል፣ ሌላው እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም ነበር፣ አሁን በወላጅ ቁጥጥር 10 አድርጎታል። እዚህ ግን የ7 ዓመት ልጅ ሲገባ አይተናል፣ መነጽሩ ከፊቱ ሰፍቶ በእጁ ደግፎት ነበር። ማሰሪያው አልያዝ ሲል በሻሽ ነው ያሰሩለት።

አያቴ ድሮ ስለ ሌባሻይ ስታወራ እሰማት ነበር። ሌባ ጠፍቶ ሲፈለግ ትንሽ ልጅ የሆነ ነገር ያጠጡትና እየተንገዳገደ፣ እየተሳበ ከቤት ቤት ይሄዳል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው ተበድሎበታል። ግን ያ ልጅ እንኳን ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ የገመዱን ጫፍ የሚይዝ ሰው ከኋላው ነበረው። የኛ ልጆች ዓይናቸው ተሸፍኖ ገዳይ ሲፈልጉ ከኋላቸው ያለው ኬብል ነው፣ የኬብሉን ጫፍ የያዘው ኮምፒውተር ነው። ከሁሉም በላይ የምንጠይቀው ያንን የሚይዝ ሰው ነው።

አራተኛ፣ ከሁለት ወር ወዲህ ቤቱ ጌሙን የበለጠ አስፈሪ ለማድረግ ብሎ ሠራተኛ በጨለማ ገብቶ የተጫዋቹን ትከሻ ከኋላ እንዲነካ ማድረግ ጀምሯል። መነጽሩ ውስጥ ገዳዩ ከኋላህ እንዳለ እየተነገረህ፣ ትንፋሽ እየሰማህ፣ እውነተኛ እጅ ትከሻህ ላይ ሲያርፍ ምን ታደርጋለህ? አንዷ ልጃችን ዞር ብላ በኮንትሮለሩ መታችው፣ የሠራተኛው የፊት ጥርስ ተሰበረ። እሷ አለቀሰች፣ እሱ ደሙን በሶፍት ይዞ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» እያለ አጽናናት። በኋላ እንደነገረን ጥርሱን ያሳከመው ከራሱ ደሞዝ ነው። ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ እኛን እንደ እህት ወንድም የሚያይ ልጅ ነው፣ የሱንም መብት አብረን እየጠየቅን እንደሆነ ይታወቅልን።

የንጽሕናውን ነገር አሳጥራለሁ። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ አይቀየርም፣ በአንድ ቅዳሜ የስንት ሰው ላብ እንደሚጠጣ እናንተ ገምቱት። ሦስታችን ዓይናችን ቀልቶ በተከታታይ ታመናል። አምራች ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስፖንጁ ቆዳ እያሳከከ ስላስቸገረ ለ4 ሚሊዮን ገደማ መነጽሮች በላዩ የሚለበስ የሲሊኮን ሽፋን አድሏል። የሚታጠብ ሽፋን ውድ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብበነዋል፣ የተሰጠው እንደማንኛውም ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ልጁ ተቀምጦ ቲቪ ያያል፣ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል፣ እሳት ቢነሳ ተነስቶ ይወጣል። የመጡት ተቆጣጣሪም እኛ ባለንበት ነው የመጡት፣ የደረሰኝ ማሽኑን አዩ፣ ፈቃዱን አዩ፣ ሄዱ። ወደ ውስጠኛው ክፍል አልገቡም። በሩ መቀርቀሪያው በየት በኩል እንደሆነ ለማየት እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለ ፊርማውም፣ እኛ የፈረምነው ጨዋታ ልንጫወት ነው። ከውጭ እንዲቆለፍብን አልፈረምንም፣ የ14 ዓመት ልጅ ደሞ ቢፈርምም ፊርማው ምን ዋጋ አለው፣ ወላጁ አልተጠየቀም።

ቤቱ ይዘጋልን አላልንም፣ አንልምም። አንዳንድ ወላጆች እንዲዘጋ ይፈልጋሉ፣ እኛ ግን ስንወያይ አብዛኛው ሰው ተስተካክሎ ይቀጥል ነው ያለው፣ ሠራተኞቹም እንጀራቸው ነው። የምንጠይቀው ይሄ ነው።

ከቢሮው የምንጠይቀው፣ ይሄ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ የእሳት አደጋ ባለሙያ ያለበት ቡድን ልካችሁ ውስጠኛውን ክፍል እንድታዩ፣ ስታዩም ከመካከላችን ሁለት ሰው አብሮ እንዲገኝ፤ እስከዛ ድረስ መቀርቀሪያው በዛሬው ቀን እንዲነሳና በሩ ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት እንዲሆን፤ ቪአር ቤት ከፕሌይስቴሽን ቤት ተለይቶ የራሱ መስፈርት እንዲወጣለት፣ የቦታ ስፋት፣ የዕድሜ ገደብ፣ የመውጫ በር፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ የድንገተኛ መብራት እንዲካተትበት ነው። በከተማው ያሉ ሌሎች ቪአር ቤቶችም አብረው ይታዩ።

ከባለቤቶቹ የምንጠይቀው ደሞ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ከአራት ወደ ሁለት እንዲቀነስ፣ ዋጋ መጨመር ካለበት እንነጋገር፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ክፍሉ ውስጥ ኬብሉን የሚይዝና የሚጠብቅ አንድ ሰው እንዲቆም፤ ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያሠራ ባትሪ) እንዲገባላቸው፤ የመብረቁ ክፍል እንዲዘለል ወይም ብልጭታው እንዲጠፋ፤ ሠራተኛ ተጫዋች መንካቱ እንዲቆም፤ ሠራተኞቹ የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሠለጥኑ፤ በየ30 ደቂቃው አምራቹ እንደሚለው 10 ወይም 15 ደቂቃ እረፍት እንዲኖር፤ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ተተርጉሞ ከመክፈላችን በፊት እንዲነበብልን፤ አንጓው ለተሰበረው ልጅና ጥርሱ ለተሰበረው ሠራተኛ የሕክምና ወጪያቸው እንዲከፈል ነው። የሐኪም ወረቀቱም ደረሰኙም ከማመልከቻችን ጋር ተያይዟል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በአካል እንነጋገር ካላችሁም የጠራችሁን ቀን እንመጣለን፣ የሥራ ቀን ቢሆንም ፈቃድ ጠይቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ቪአር ተጫዋቾችና ወላጆች አስተባባሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለጌም ቤቱ ሠራተኞች
ለሞሉ አስተዳደር